ትኩስ መጠጥ በምግብ ቤት ውስጥ፦ ሻዩ የት ይቀዝቅዝ?

እንደሚታወቀው በመስተንግዶ ትምህርታችን ስለ ትኩስ መጠጥ አቀራረብ ብዙ ተምረናል። ማንኪያው በየት በኩል እንደሚቀመጥ፣ የሲኒው ጆሮ ወደ የት እንደሚዞር፣ መጠጥ ከእንግዳው በስተቀኝ እንደሚቀርብ፣ ስኳሩ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ መገኘት እንዳለበት በተግባርም በጽሑፍም ተፈትነናል። በእኔ ግምት ግን አንድ ነገር ሳናነሳው አልፈናል። ይህ መጠጥ ከእጃችን አምልጦ ሰው ላይ ቢፈስስ ምን ያደርጋል? ስንት ዲግሪ ሙቀት ነው ሰው የሚያቃጥለው? የተቃጠለውን ሰውስ ምን እናደርገዋለን? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማየት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከተወለድኩባት ከወገል ጤናና ከላሊበላ አካባቢ ነው። አንደኛ የማውቀው እሱን ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደግሞ በደጋ አገር ትኩስ መጠጥ የራሱ የሆነ ጠባይ ስላለው ነው።

ወገል ጤናን ለማታውቁ፣ የደላንታ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብትወጡ ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት ታገኙታላችሁ። ሰው ሁሉ ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአካባቢው ገደላገደል ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ በመገኘቱ ቆፋሪውም፣ ደላላውም፣ ገዢውም ተጨምሮ ሻይ ቤቱ ሰው አያጣም። እዚያ አገር ሻይ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ማሞቂያም ነው። ሰው ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንፋሎቱን ወደ ፊቱ እየሳበ ትንሽ ይቆይና ነው ፉት የሚለው። ስለዚህ ደንበኛው “እስቲ ትኩስ አድርጊው!” ሲል ከልቡ ነው።

ስለ ፍላቱ

በደጋው የሻይ ቤት ደንበኛ ከሚያሰማው ቅሬታ ሁሉ የታወቀው “ይኼ ሻይ አልፈላም” የሚለው ነው። በእርግጥ ነገሩ ከፊዚክስ ጋር የተያያዘ እውነት አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ አንድ ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ስሌት 2500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ላሊበላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወገል ጤና ላይ ደግሞ በ90 ገደማ። ባለፈው ክረምት ቤት ስሄድ የምግብ ቴርሞሜትር ይዤ ነበርና በማንቆርቆሪያ ውስጥ ብከተው እየተንተከተከ ሳለ ከ90 ብዙም ፈቀቅ አላለም። እናቴ “ምን ሆነሃል፣ ሻዩ ታሟል እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚህ ተነስተው ሰዎች ሁለት የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ። አንደኛው “እሳት ጨምሩበት፣ ይንተክተክ” የሚለው ነው። መክደኛው ልል የሆነ ማንቆርቆሪያ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ሙቀቱ ካለበት አይጨምርም። የሚያልቀው ማገዶው ነው፤ የሚጠቁረው ሻዩ ነው። ሁለተኛውና አደገኛው ደግሞ “የእኛ አገር ሻይ ደካማ ስለሆነ አያቃጥልም” የሚለው ነው።

እስቲ የሰውን ቆዳ እንመልከት። የአዋቂ ሰው ቆዳ በ49 ዲግሪ ውሃ ክፉኛ ለመቃጠል ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በ60 ዲግሪ ግን አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በ65 እና በ66 ዲግሪ ወደ ሁለት ሰከንድ ይወርዳል። 70 ዲግሪ ላይ ሲደርስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የሕፃናትና የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚህም ይፈጥናል። እንግዲህ አስቡት፤ የእኛ ደጋ ሻይ ከምድጃ ሲወርድ 90 ነው። በከፍታው ምክንያት የተቀነሰችው አሥር ዲግሪ ለጣዕሙ ለውጥ ታመጣ ይሆናል እንጂ ለቆዳ ምንም አትፈይድለትም። ጋቢውን ከፍቶ “ኧረ!” ብሎ እስኪነሳ ድረስ እኮ ሰው ከሁለት ሰከንድ በላይ ይወስድበታል።

በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ ስሙ የገነነውን ክስ እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ አገር፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ ስቴላ ሊቤክ የተባሉ የ79 ዓመት አረጋዊት ከማክዶናልድስ ቡና ገዙ። መኪናው ቆሟል። ወተትና ስኳር ለመጨመር ኩባያውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ክዳኑን ሲያነሱ ቡናው ተደፋባቸው። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከሌላ የሰውነታቸው ክፍል ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት ወደ 20,000 ዶላር ነበር፤ ድርጅቱ የሰጣቸው መልስ 800 ዶላር ሆነ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1994 ዳኞቹ የ200,000 ዶላር ካሣ ወሰኑ። ሃያ በመቶው ጥፋት የራሳቸው ነው ተብሎ ወደ 160,000 ወረደ። በዚያ ላይ 2.7 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ቢጨመርም ዳኛው ወደ 480,000 ቀነሱት፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨረሱ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ “ቡና ተደፋብኝ ብላ ሚሊየነር ሆነች” እያለ እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። በችሎቱ ላይ የወጣውን ግን አያወራም። ድርጅቱ ቡናውን ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይዞ እንዲሸጥ መመሪያ ነበረው፤ ባለፉት አሥር ዓመታትም ከ700 በላይ የቃጠሎ አቤቱታ ደርሶት ነበር።

አሁን ቁጥሮቹን አስተያዩልኝ። እዚያ እንደ አደገኛ የተቆጠረው ቡና ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ነው። ወገል ጤና ላይ ከማንቆርቆሪያ በቀጥታ ወደ ብርጭቆ የሚንቆረቆረው ሻይ ደግሞ 90 ገደማ ነው። ልዩነቱ እዚህ ክዳን የለውም፣ ጆሮ የለውም፣ አቤቱታ የሚመዘግብም የለም።

ማን ይጠብቀዋል?

ዋናው ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። ሻይን በ90 ዲግሪ የሚጠጣ ሰው የለም። አፍ አይችለውም። ሁላችንም እፍ እንላለን፣ ፉት ብለን እንተወዋለን፣ ወሬ እናወራለን፣ እስኪበርድ እንጠብቃለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ብራውንና ዲለር፣ የሰው ፍላጎትና የቃጠሎ አደጋ የሚታረቁበትን ሙቀት አስልተው 58 ዲግሪ ገደማ ብለውታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ማዘውተር ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የሚያጋልጥ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጿል። ስለዚህ ሻዩ ከምድጃው እስከ አፍ ድረስ ወደ ሠላሳ ዲግሪ ገደማ መውረዱ አይቀርም። ጥያቄው የት ሆኖ ይውረድ ነው። ባንኮኒው ኋላ፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ? ወይስ በተጨናነቀ ጠረጴዛ ላይ፣ ሕፃን ባቀፈች እናት ፊት?

በአሁኑ አሠራራችን አደገኛዎቹን ደቂቃዎች በሙሉ ለደንበኛው ነው ያሸከምነው። ማንቆርቆሪያውን ከእሳት አውርዶ ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ግን ምንም ወጪ የለውም። “ደንበኛው ቀዘቀዘ ይላል” የምትሉ ትኖራላችሁ። አንድ አያ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ የሚያልፍ፣ ብርጭቆውን ነክተው “ይኼ ለብ ያለ ውሃ ነው፣ መልሺው” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያሉት እውነት ነው፤ ብርጭቆው በውርጭ ውሃ ታጥቦ ስለመጣ የሻዩን ሙቀት ወስዶበታል። መፍትሔው ሻዩን ይበልጥ ማፍላት ሳይሆን ብርጭቆውን ማሞቅ ነው። በሞቀ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ በቀረበ ብርጭቆ ውስጥ ያለ የ75 ዲግሪ ሻይ ለእጅም ይሞቃል፣ ሳይቀዘቅዝም ይቆያል። አሁንም ያቃጥላል፣ አልክድም፤ ነገር ግን ለመጠጣት የሚጠበቀው ጊዜ በጣም ያጥራል።

ብርጭቆ ማሞቁ ሌላም ጥቅም አለው። በደጋ አገር የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ፍል ሻይ ሲገባ አንዳንዴ “ጧ” ብሎ ይሰነጠቃል፤ ክፉ ቀን ሲሆን ደግሞ ቂጡ ብቻውን ተቆርጦ ይቀርና ሻዩ ጭን ላይ ይወርዳል። ውስጡ በአንድ ጊዜ ሲሰፋ ውጩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራ ይመስላል እንጂ በዚህ በኩል ከስሱ የባሰ ነው። ማንኪያ ከትቶ መቅዳት የሚባለው የድሮ ዘዴ ሙቀቱን በመጠኑ ስለሚካፈል ይረዳል፣ ግን በቂ አይደለም።

ጋቢ፣ አግዳሚ ወንበርና ብርጭቆ

ስለ ክፍሉ አቀማመጥ መጽሐፉ የሚለው በወንበሮች መካከል ሰፊ መተላለፊያ ይኑር ነው። በእኛ አገር ሻይ ቤት ግን አግዳሚ ወንበር ከአግዳሚ ወንበር ተፋጥጦ፣ ጉልበት ከጉልበት ገጥሞ ነው የሚኬደው። በዚያ ላይ ጋቢው አለ። ጋቢ ለባሽ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ ወዳጁን ሲያይ ጫፉን ወደ ትከሻው ይወረውራል። ያ ጫፍ ስንት ብርጭቆ እንደገለበጠ ቤቱ ይቁጠረው።

ጋቢው ለቃጠሎም ሁለት ጠባይ አለው። ጥቂት ሻይ ጠብ ቢልበት ይከላከላል። ሙሉ ብርጭቆ ከተደፋበት ግን ጥጡ ፈሳሹን ይመጥጥና ሙቀቱን ገላ ላይ አጣብቆ ያቆየዋል። በአልበከርኪዋ አረጋዊት ላይ የሆነውም ይኸው ነበር፤ የለበሱት ሱሪ ቡናውን መጥጦ ስለያዘው ነው ጉዳቱ የከፋው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ልብሱን ከገላ ማላቀቅ ነው። በሰው ፊት፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ልብስ ማውለቅ ያሳፍራል። ለዚህ ነው አስተናጋጅ በአንድ እጁ ወደ ጓዳው መንገድ እያሳየ በሌላው መጋረጃ ወይም ደረቅ ጋቢ ለመዘርጋት መዘጋጀት ያለበት። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ እስካሁን አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ በገበያ ቀን አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ሁሉም ቤት እንደዚያው ስለሆነ አንዱን ማማት ይሆንብኛል። አስተናጋጇ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ስድስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዛ በሁለት አግዳሚ ወንበር መሃል ስታልፍ አንድ ሰውዬ ጋቢውን ሊያጣፋ እጁን ወረወረና ትሪው ተንጋደደ። ልጅቷ ወደ ኋላ አላለችም። ትሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋችና በክንዷ ደገፈችው። ሻዩ በክንዷ ወረደ፤ ብርጭቆ ግን አንድም አልተሰበረም። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከባንኮኒው ሆነው “ጎሽ የኔ ልጅ፣ ዕቃዬን አተረፍሽልኝ!” አሏት። በኋላ ሒሳብ ስከፍል “እህቴ፣ ለምን አልለቀቅሽውም?” አልኳት። “ብርጭቆው ከደመወዜ ይቆረጣላ!” አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። ዘንድሮ ሳያት ጠባሳው ከክርኗ በታች እንደ ካርታ ተዘርግቶ አለ።

እኔ ከዚያ ወዲህ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ስለ ደኅንነት ስንት ማስታወቂያ ብንለጥፍ ይቺ የብርጭቆ ቅጣት እስካለች ድረስ ከንቱ ነው። ሰው በተሰናከለባት ቅጽበት አያስብም፤ የለመደውን ነው የሚያደርገው። አስተናጋጇን ያስለመድናት ደግሞ ዕቃ ማዳንን ነው። ትክክለኛው ተግባር ትሪውን ሰው ወደሌለበት፣ ወደ መሬት መልቀቅ ነው። ለዚህ ደግሞ “ብርጭቆው ይሰበር፣ ምንም አይደለም” መባሏን አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ሕጉም ቢሆን ለባለቤቱ ያን ያህል አያዳላም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ እንዳይቀንስ ይከለክላል፤ ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሊኖር ይገባል። ስንቱ ሻይ ቤት ነው የተጻፈ የሥራ ደንብ ያለው? ይኸው አዋጅ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታንም በአሠሪው ላይ ያስቀምጣል። ለደንበኛው ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ፤ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሣ ይከፍላል ይላል። በአገራችን ሰው ሻይ ተደፋብኝ ብሎ አይከስም። “ከእግዜር የመጣ ነው” ተብሎ ይታለፋል። ባለቤቶች ይህን እንደ ዋስትና ባይቆጥሩት መልካም ነው።

እጅ በእጅ መስጠት

አሁን ትንሽ የሚያከራክር ነገር ላንሳ። የዘመናዊው መስተንግዶ ሕግ ትኩስ መጠጥ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል ይላል። ትክክል ነው፤ አብዛኛው መደፋት የሚደርሰው አንዱ ሲለቅ ሌላው ገና ሳይዝ ነው። ነገር ግን ወሎ ውስጥ ለሽማግሌ ሻይ ፊቱ ላይ አስቀምጦ መሄድ ንቀት ነው። ለአባባ በቀኝ እጅ፣ ግራውን ክርን ላይ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰጠው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። ታዲያ ያ ጆሮ የሌለው ብርጭቆ በአራት እጅ መሃል ሲሆን የሚያዝበት ቦታ አፉ ብቻ ነው፤ አፉ ላይ ደግሞ እስከ ጢሙ ሞልቷል።

እኔ ክብሩ ይቅር አልልም። የማይቀር ነገር ነውና ባህሉን ትተን ለፈተና ብቻ የሚሆን ትምህርት ብንማር ምን ይጠቅማል? መውጫው ቀላል ነው፤ የሚሰጠው ብርጭቆው ሳይሆን የብርጭቆው ማስቀመጫ ይሁን። ሰፋ ያለ ማስቀመጫ ከሥሩ ካለ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ጠብ ያለውንም ይቀበላል። አንድ ቃል ደግሞ ይጨመርበት፦ “አባባ፣ ትኩስ ነው።” ይህ ከአክብሮቱ ጋር የሚሄድ እንጂ የሚጋጭ አይደለም።

ሙሌቱንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ሲኒ ወይም ብርጭቆ ጢም ብሎ ካልሞላ ንፍገት ይመስላል፤ “ጎደለሳ?” የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ለዚህ ትንሽ ከፍ ያለ ብርጭቆ ገዝቶ መጠኑን ሳይቀንሱ አንድ ጣት ማጉደል ነው እንጂ ከደንበኛ ጋር መሟገት አያዋጣም።

ስለ ጀበና ቡና

በጀበና ቡና ላይ የቆየው ሥርዓታችን ብዙ ነገር አስቀድሞ አስቦበታል ብዬ አምናለሁ። ቡናው ፈልቶ ሲወርድ ወዲያው አይቀዳም፤ አተላው እንዲወርድ ማቶቱ ላይ ይሰክናል። ያ ጊዜ ለአተላው ነው ቢባልም ቡናውን ከፍላቱ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ በቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ሲንቆረቆር አየር ያገኘዋል። ሲኒው ትንሽ ስለሆነ ቢደፋ እንኳ የሚነካው ቦታ ጠባብ ነው። አፍይዋ ከቦታዋ አትነሳም። ጀበናውን ይዛ ሰው መሃል የምትዞር ቡና አፍይ አይቼ አላውቅም፤ የሚዞረው ሲኒው ነው። ሻይ ቤቶቻችን ግን ፍል ማንቆርቆሪያውን ራሱን ይዘው ሰው አናት ላይ ይዞራሉ፣ “ይጨመርልህ?” እያሉ።

ችግሩ ይህ ሥርዓት ከቤት ወጥቶ ሆቴል በር ላይ ሲቀመጥ ነው። ቤት ውስጥ ልጅን ከረከቦቱ የምታርቅ እናት ወይም ታላቅ እህት አለች። ሆቴል ውስጥ ይህ የማን ሥራ ነው? ረከቦቱ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ ነው፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቄጤማ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ከሰል የሞላ ምድጃ ከጎን አለ። የሁለት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ ከጀበናው ጋር ይስተካከላል። ቡናው የሚፈላበትን ጥግ በሦስት ዱካ ማጠርና መተላለፊያ አለማድረግ ብቻ ብዙ ያድናል።

ላሊበላ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማዋ የእንግዳ ከተማ ናት። ቁልቁለትና ዳገት ስለሆነች ምግብ ቤቱ ሁሉ ደረጃ አለው፤ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ደረጃ ይወጣል። የውጭ አገር እንግዳ ጆሮ የሌለው ሲኒ በየት እንደሚያዝ አያውቅም፣ ወገቡን ይጨብጠዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። አፉንና ቂጡን በሁለት ጣት መያዝን ማሳየት የአስተናጋጁ ሥራ ነው፤ እንግዳውም ደስ ይለዋል። ለገና በዓል ደግሞ ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ምእመን ከተማዋን ሲሞላት በየጥጉ ዳስ ተጥሎ ሻይ በትልልቅ ማንቆርቆሪያ ይሸጣል። ሕዝቡ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ፣ የደከመ፣ በብርድ እጁ የደነዘዘ ነው። የደነዘዘ እጅ ትኩሱን ቶሎ አያውቀውም። በዚያ ቀን ሻጭ ቢችል ማንቆርቆሪያውን ከሕዝቡ ፊት አንስቶ ከኋላው ያድርግ።

ስለ ማሽን ቡና ብዙ አልልም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ማኪያቶ ላይ ያለው አረፋ እንደ ክዳን ስለሆነ እንፋሎት አይታይበትም፤ የቀዘቀዘ መስሎት ጎርሶት ምላሱን የሚላጠው ለዚህ ነው። ወተት የሚሞቅበት የእንፋሎት ቧንቧ ደግሞ ከተዘጋ በኋላም ብረቱ ያቃጥላል፤ እርጥብ ጨርቅ ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር።

ከተቃጠለስ?

አሁን ወደ መጨረሻው ደረስን። ሰው ሲቃጠል አገራችን ላይ መድኃኒቱ ብዙ ነው። ቅቤ የሚል አለ፣ እንቁላል የሚል አለ፣ ዱቄት የሚነሰንስ አለ፣ አሁን አሁን ደግሞ ኮልጌት የሚቀባ በዝቷል። የጥርስ ሳሙና ቀዝቀዝ ስለሚል ያሻለው ይመስላል። አንዳቸውም አይጠቅሙም፤ ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ቆሻሻ ያስገባሉ፣ ጤና ጣቢያ ሲደረስም ተፍቆ መነሳቱ ሌላ ሥቃይ ነው።

የሚሠራው ውሃ ነው። ልብሱንና ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት የመሰለውን ቶሎ ማውለቅ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ልብስ ካለ ግን አለመጎተት። ከዚያ ንጹሕና ቀዝቃዛ የሚወርድ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። በረዶ አይደረግም። ቆዳው ላይ ያለው ሙቀት ወደ ውስጥ እየዘለቀ ስለሚሄድ ሁለት ደቂቃ አፍስሶ መተው አይበቃም፤ ዘግይቶም ቢሆን፣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ፣ ውሃው ይጠቅማል። የደጋው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ የቀረውን ገላ በደረቅ ጋቢ መሸፈን ያስፈልጋል፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ ብርዱ ራሱ ይጎዳዋል። ውሃ ያቋጠረ እንደሆነ አይፈነዳም። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ንጹሕ ስስ ላስቲክ ሳይጠብቅ ይደረግበታል። ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ፣ ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ “ይሻለው ይሆን” ሳይባል ወደ ጤና ተቋም ነው። ከባዱ ቃጠሎ ከእኛ አገር ተነስቶ ደሴ፣ ከዚያም ሲብስ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ድረስ ይሄዳል። ያ ለአንድ ገበሬ የስንት ቀን መንገድና የስንት በግ ዋጋ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

“ቧንቧው ውሃ ከሌለውስ?” ትሉኝ ይሆናል፤ ወገል ጤናም ላሊበላም የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ ጀሪካን ሃያ ሊትር ነው። አንድ ሊትር በሚይዝ ጆግ በየደቂቃው አንድ አንድ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ሃያ ደቂቃ ያደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሻይ ቤት አንድ ንጹሕ ውሃ የሞላ ጀሪካንና አንድ ጆግ ከባንኮኒው ሥር ለዚህ ብቻ ለይቶ ቢያስቀምጥ ይበቃል። ብርጭቆ አይታጠብበትም፣ ሻይ አይጣድበትም፤ በሳምንት አንዴ ውሃው ይለወጣል። ይህን ሐሳብ ባለፈው ክረምት ለእነዚያ ለብርጭቋቸው ለሚሳሱት እትዬ ነግሬያቸው ነበር። ጀሪካኑን እሺ አሉ። የብርጭቆውን ቅጣት ግን “አስብበታለሁ” ነው ያሉኝ።